ትኩሳት የነበረበት ሌሊት

ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ፣
አራት ወንበር፣ አራት ዕድሜ፤
ያንግስታውን፣ ከተዘጋው ብረት ፋብሪካ ጀርባ፣ የኩላሊት እጥበት ቤት፣
ደም በቱቦ ወጥቶ ይዞራል፣ ታጥቦ ሊመለስ ወደ ቤት።

ማሪሶል መርፌውን ሰክታ፣ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት፣
ግዙፉ ወጣት ራክሊ ይወድቃል፣ እንደ ቅዳሜው ሌሊት፤
ደግሞ ከጎን። ደግሞ ከላይ። ደግሞ በዝግታ፣
ጉልበቱ እንደ ራሰ ካርቶን ሲረታ።

«አላልኩም?» ይላል ህሪቭናክ፣ «አገጩ ብርጭቆ ነው፤
ሃያ ስምንቱን ያሸነፈው ሬሳ እየመረጡ ሰጥተውት ነው።
አንድ ደህና እጅ ሲነካው፣ በቃ፣ ሱቁ ተዘጋ።
ይሄ ነው የከባድ ሚዛን ጌታ? ይሄ የመስታወት ፊት ሥጋ?»

ሉሺየስ ባንድ እጁ (ሌላው ታስሯል በቱቦ)
ግራ ቡጢ ይሰነዝራል፣ ከወንበሩ ተስቦ፤
«ባስኮም ቢሆን ኖሮ!» ይላል። ባስኮም ሲባል ዝም ይባላል፤
ስሙ እንደ ታቦት ስም፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ይጠራል።

ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ የዳቦ መኪና ሾፌር የነበርኩ፣
ከሁለቱ ጋር ስስቅ፣ ከሁለቱ ጋር ስፈርድ የኖርኩ።

ባስኮም ተሸንፏል። ዘጠኝ ጊዜ። መዝገቡ አይክድም።
እኛ ዘንድ ግን አንዱም ሽንፈት፣ ሽንፈት አይደለም።
ዲትሮይት ላይ ሲወድቅ፣ ፍቺ ላይ ነበር፣ ልቡ ቆስሎ፤
ክሊቭላንድ ላይ ዳኛው ነው፣ ጉቦ በልቶ፣ ፍርድ ገምድሎ፤
ቶሌዶ ላይ መድረኩ ረጥቦ ነው ያዳለጠው፤
ከዚያ ወዲያ ሦስቱን እርጅና ነው ያሸነፈው፣
እርጅና ደግሞ አይቆጠርም።
ሁለቱን የቀረጸ ካሜራ የለም፤
ያላዩት ውድቀት አያምም።

ወጣቱን ግን ስንት ዓይን ነው የከበበው!
የላቡ ጠብታ ሳይቀር በቁጥር የተነበበው።
አንዴ ወድቆ፣ እስከ ማለዳ ሺህ ጊዜ ወደቀ፤
ሰበቡ ሳይበቅል ታጨደ፣ ሳያፈራ ተወቃ፣ ደቀቀ።

«ዘጠነኛዋ ፒትስበርግ ናት» አለ ሉሺየስ፣ «እሷንማ ታውቃላችሁ፤
ባስኮም ያን ሌሊት ትኩሳት ነበረበት፣ ገላው ፍም፣ ልንገራችሁ፣
ካልጋ ተነሥቶ ነው የገባው። ባይታመም ኖሮ
ያንን… ማነው ስሙ?… ይሸኘው ነበር ቀብሮ!»

ስሙ ለማናችንም አልመጣም።
ትኩሳቱን እናውቃለን፤ ሰውየውን አናውቅም።

በመስኮቱ ጥግ፣ በአራተኛው ወንበር፣
ኤልዉድ ታርፕሊ የሚባል ሰው ነበር፤
ሁለት ዓመት አብሮን ሲታጠብ ከደህና ዋላችሁ በቀር
ትንፍሽ ያላለ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ የሚስብ።
ያን ቀን ገፈፈው። ቀኝ እጁን አወጣ፤
አውራ ጣቱ ተጣሞ የገጠመ፣ እንደ አሮጌ ሚስማር የጎበጠ።

«ሦስተኛው ዙር ላይ ነው» አለ፣ «በግንባሩ ነው የሰበርኩት።
ሰባት ዙር ሙሉ፣ በዚሁ በተሰበረው ነው የመታሁት።
ማግስቱን አገር ሁሉ ስለ ትኩሳቱ ጠየቀ።
ስለ እጄ የጠየቀ የለም።
ሚስቴ እንኳን፣ ነፍሷን ይማርና፣
‹ታሞ ነበር አሉ› አለችኝ፣ ቁርስ ላይ።»

መኪናው ጢጥ አለ። ህሪቭናክ ጫማውን አየ።
ሉሺየስ የዘረጋውን ቡጢ፣ ቀስ ብሎ፣ ጭኑ ላይ አኖረ።
ከላይ፣ ራክሊ እንደገና ወደቀ።

«ይሄንን ልጅ የጣለው» አለ ታርፕሊ፣
«ስሙ ማነው?»

ሦስት ቀን ሙሉ ስንፈርድ ከርመናል።
ጣሪያ ጣሪያውን አየን።
«ማሪሶል» አልኳት፣ «እባክሽ፣ ድምፁን ከፍ አድርጊው።»
ከፍ አደረገችው።
ማስታወቂያ ገባ።